ከደራሮ ማግስት በዲላ ምን ይቀራል?

የጌዴኦ ብሔር የዘመን መለወጫ የሆነው ደራሮ በየዓመቱ በጥር ወር በዲላ ከተማ በድምቀት ይከበራል። በበዓሉ አባቶች ለፈጣሪያቸው ለማጌኖ ምስጋና ያቀርባሉ፤ ሕዝቡ ከምርቱ ላይ ለአባ ገዳው ስጦታ ይዞ ይቀርባል፤ አሮጌው ዓመት ተሸኝቶ አዲሱ ይመረቃል። ወቅቱ በዞኑ የቡና ለቀማ የሚጠናቀቅበትና አርሶ አደሩ ከሽያጩ ጥቂት ጥሪት የሚይዝበት በመሆኑ፣ ደራሮ የምስጋና በዓል የመሆኑን ያህል የገበያ ወቅትም ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለበዓሉ የሚሰጠው ትኩረት እየጨመረ መጥቷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መስፈሩ፣ እንዲሁም ዲላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም በይፋ ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የማዕከል ከተሞች አንዷ መሆኗ ይህንኑ ትኩረት አጠናክሮታል። ከዚህ በኋላ ደራሮ በአካባቢው ተወላጆች ዘንድ ብቻ ታውቆ የሚያልፍ በዓል አይሆንም። እንግዳ ይጠብቃል፤ በጀት ይጠይቃል፤ የየደረጃው አመራርም በዕቅዱ ይዞት ይንቀሳቀሳል።

ይሁንና አንድ በዓል በዕቅድና በሪፖርት ውስጥ ሲገባ፣ ስኬቱ በምን እንደሚለካ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። የተጋበዙት እንግዶች ብዛት፣ የመድረኩ ስፋትና የዜና ሽፋኑ በቀላሉ የሚቆጠሩ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ ሪፖርቱን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። በማግስቱ በከተማውና በየቀበሌው የሚቀረው ጥቅም ግን ሲቆጠር አይታይም። ይህ ጽሑፍ የደራሮ ዋነኛ መለኪያ ሊሆን የሚገባው ይኸው ሁለተኛው ነው የሚለውን ሐሳብ ያነሳል።

በዓሉ የቆመበት መሬት

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪዎች ብዛት 59 ሺህ 150፣ የመላው ዞን ሕዝብ ደግሞ 847 ሺህ 434 ነበር። የዞኑ ስፋት 1 ሺህ 210 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ እንኳ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በአማካይ 700 ያህል ሰው ይኖር እንደነበር ማስላት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር ማደጉ አያጠራጥርም። መሬቱ ግን ያው ነው።

ይህን ያህል ሕዝብ በተዳፋት መሬት ላይ ኖሮ አፈሩ ሳይታጠብ፣ ዛፉም ሳይጠፋ መቆየቱ የዓለምን ትኩረት ስቧል። ምሥጢሩ በጌዴኦ አርሶ አደር ማሳ ውስጥ ይገኛል። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያሉ ትላልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ። ከሥራቸው እንሰትና ቡና ይበቅላሉ። ከእነዚህ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሥራ ሥርና አትክልት ይተከላል። ከዛፎቹ የሚረግፈው ቅጠል ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ሥራቸው አፈሩን ያቅፋል። እንሰቱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ ቡናው ለገበያ፣ ዛፉ ለቤት መሥሪያና ለጥላ ያገለግላል። ይህ አሠራር በመጽሐፍ ሳይጻፍ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ዕውቀቱ ያለ ሥርዓት አልቆየም። ጌዴኦ ባሌ በሚባለው የዕድሜና የሥልጣን ሥርዓቱ ይተዳደራል፤ የሥርዓቱም አናት አባ ገዳው ነው። በየመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትና የሚዳኙበት ሶንጎ አለ። በተዳፋቱ መካከል ደግሞ ሥርዓተ አምልኮ የሚፈጸምባቸው፣ ዛፋቸው የማይነካ የተከበሩ ደኖች ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ደራሮ ከግብርናው፣ ከዳኝነቱና ከእምነቱ ተነጥሎ የሚቆም በዓል አለመሆኑን መረዳት አያዳግትም።

በተራሮቹ ጫፍ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮችም የዚሁ መልክዓ ምድር አካል ናቸው። በዞኑ ከ60 በሚበልጡ ሥፍራዎች ከ10 ሺህ በላይ ትክል ድንጋዮች እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ከፍታቸው 6 ሜትር ገደማ የሚደርስ አሉባቸው። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ በስፋት የሚታወቁ ሲሆኑ፣ ሳካሮ ሶዶ በተባለው ሥፍራ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ የሚሄድ ዕድሜ እንዳላቸው አመልክቷል። ይህም ቀደም ሲል ከሚታሰበው በ1 ሺህ ዓመት ያህል ይበልጣል።

የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በሪያድ ባካሄደው 45ኛ ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ሲመዘግብ እነዚህን ሁሉ በአንድነት ነበር ያያቸው። የተመዘገበው ትክል ድንጋዩ ለብቻው ወይም ደኑ ለብቻው አይደለም። ሰው ከመሬቱ ጋር የመሠረተው ግንኙነት ነው። ስለዚህም አርሶ አደሩ ከማሳው ከራቀ፣ ሽማግሌው ከሶንጎው ከጠፋ፣ ድንጋዩ በቦታው ቢቆም እንኳ ቅርሱ ጎድሏል ማለት ነው።

ስምና ገበያ

ጌዴኦን ከማንም በፊት ለዓለም ያስተዋወቀው ቡናው ነው። በዞኑ ከሚገኙት ወረዳዎች የአንዱን ስም የያዘው የይርጋጨፌ ቡና፣ አበባን በሚያስታውስ መዓዛውና ኮምጠጥ ባለ ለስላሳ ጣዕሙ በቡና ቀማሾች ዘንድ ልዩ ቦታ አለው። ይህ ስም በሀገሪቱ የንግድ ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ክርክር አስነስቶ እንደነበር ይታወሳል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ጥያቄ አቀረበ። የሀገሪቱ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ቢያሰማም፣ ረጅም ድርድር ከተደረገ በኋላ በ1999 ዓ.ም ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የስምምነት ፊርማ ተፈረመ። ኢትዮጵያ በስሞቹ መጠቀም ለሚፈልጉ ኩባንያዎች የሮያሊቲ ክፍያ ሳትጠይቅ ፈቃድ የመስጠትን መንገድ መረጠች። ዓላማው ገንዘብ በቀጥታ ከመሰብሰብ ይልቅ ስሙን በባለቤቱ እጅ ማድረግና የመደራደር አቅምን ማሳደግ ነበር።

ከዚህ ክርክር ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን ትምህርት አለ። ስም ሀብት ነው፤ ሆኖም ስሙ በራሱ ገበሬው ጓሮ ድረስ ሄዶ ጥቅም አያደርስም። ጥቅሙ የሚደርሰው በመካከል ባሉት ተቋማት አማካይነት ነው። በ1994 ዓ.ም የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን፣ በየቀበሌው ያሉት መሠረታዊ ማኅበራት፣ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች፣ ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያና በዲላ ያለው የቡና መቀበያው የዚህ ሰንሰለት አካላት ናቸው። ሰንሰለቱ በላላ ጊዜ ስሙ በውጭ ሀገር መደርደሪያ ላይ ይነግሣል፤ ባለቤቱ ግን በዚያው ይቀራል።

ገበያው የሚዋዥቅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2001 እ.ኤ.አ የዓለም የቡና ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አምራቾችን ጎድቷል። በአንጻሩ በየካቲት 2017 ዓ.ም የአረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ለጌዴኦ መልክዓ ምድር ሁለቱም ጫፎች ፈተና አላቸው። ዋጋው ሲወድቅ አርሶ አደሩ ቡናውን ነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ለመትከል ይፈተናል። ዋጋው ሲንር ደግሞ እንሰቱንና ጥላ ዛፉን ቀንሶ በቡና ብቻ ለመሙላት ይነሳሳል። ማሳው ከአንድ ሄክታር በታች ለሆነ ቤተሰብ ይህ ፈተና ቀላል አይደለም። እንሰቱ በጓሮ እስካለ ድረስ ግን ቤተሰቡ የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመትም ቆጮና ቡላ አያጣም። ባህሉ የሚጠብቀው ሚዛን ይህ ነው።

በመሆኑም በደራሮ መድረክ ላይ ጥምር ግብርናው ሲወደስ፣ ከመድረኩ ጀርባ ሊጠየቅ የሚገባው አለ። ዛፉንና እንሰቱን ጠብቆ ያቆየ አርሶ አደር፣ ማሳውን ወደ አንድ ዓይነት ሰብል ከለወጠው ጎረቤቱ የተሻለ ምን አገኘ? መልሱ «ምስጋና» ብቻ ከሆነ ልጁ የአባቱን ፈለግ ይከተላል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ከሌሎች ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

ባህልን፣ ጥበብንና ንግድን በአንድ የከተማ ሠፈር አዋሕዶ የማክበር ልምድ በጥቁር ሕዝቦች ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። በአሜሪካ ካርተር ዉድሰን የተባለው የታሪክ ምሁር በ1926 እ.ኤ.አ የጥቁሮች የታሪክ ሳምንት እንዲከበር አድርጓል። ሳምንቱ ከ50 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወደሚከበር ወር አድጓል። በኒውዮርክ የሚገኘው ሐርለም ደግሞ በ1920ዎቹ ደራስያን፣ ሙዚቀኞችና ሠዓሊዎች የተሰባሰቡበት፣ የጥቁሮች ንግድና ጋዜጣ የተስፋፋበት ሠፈር ነበር። ኢትዮጵያ በፋሽስት ኢጣሊያ በተወረረች ጊዜ ድምፃቸውን ካሰሙላት መካከል የዚህ ሠፈር ነዋሪዎች እንደሚገኙበት ይታወቃል። የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንም በ1937 እ.ኤ.አ የተመሠረተው በዚያው በኒውዮርክ ነው።

ለደራሮና ለዲላ በቀጥታ የሚጠቅሙ ሦስት ተሞክሮዎችን ለይቶ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የሎስ አንጀለስ ነው። በዚያች ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከፍተው በጥረታቸው ሠፈሩን አደመቁት። የከተማው ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ በኦሎምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል ያለውን ሥፍራ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሥራው ቀደመ፤ ስያሜው ተከተለ። ኢትዮጵያዊው እንጀራውንና ቡናውን ይዞ በየቀኑ በሩን የሚከፍትበት ጎዳና ስለነበረ ስያሜው መሠረት አገኘ።

ሁለተኛው የዋሽንግተን ዲሲ ነው። በዩ ጎዳናና በአካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያን የንግድ ቤቶች ከፍተዋል። በ2005 እ.ኤ.አ ገደማ ሥፍራው በኢትዮጵያ ስም እንዲጠራ ሐሳብ ሲቀርብ ግን ከቀደሙት አፍሪካ አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ሠፈሩ ቀደም ሲል «ጥቁር ብሮድዌይ» እየተባለ የሚጠራ፣ የራሳቸው የሙዚቃና የንግድ ታሪክ የተጻፈበት ነበርና ቅሬታቸው መነሻ ነበረው። ስያሜው ሳይጸድቅ ቀርቷል። የአንዱ ደስታ የሌላውን ታሪክ የሚሸፍን መስሎ ከታየ በጎ ሐሳብም ቢሆን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ዲላ ጌዴኦን ጨምሮ የበርካታ ብሔረሰቦች ተወላጆች በንግድና በሥራ ተሳስረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። ደራሮ በባለቤቱ ስምና ሥርዓት እየተከበረ ጎረቤቱን በእንግድነት የሚያቅፍ ሲሆን ከተማዋ በሙሉ የበዓሉ ጠባቂ ትሆናለች።

ሦስተኛው የለንደን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ በኖቲንግ ሂል ሠፈር በካሪቢያን ስደተኞች ላይ ጥቃት ደረሰ። በዚህ ሳቢያ ክላውዲያ ጆንስ የተባለችው ጋዜጠኛ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በአዳራሽ ውስጥ የካሪቢያን ካርኒቫል አዘጋጀች። ከ1966 እ.ኤ.አ ጀምሮ በዓሉ ወደ አደባባይ ወጥቶ ዛሬ በአውሮፓ ካሉት ታላላቅ የጎዳና በዓላት አንዱ ሆኗል። ነገር ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት የሠፈሩ የቤት ዋጋ በመናሩ በዓሉን የወለዱት ቤተሰቦች ብዙዎቹ አካባቢውን ለቀዋል። በዓሉ አለ፤ ባለበዓሉ ግን ለመጨፈር ከሌላ ሠፈር ተሳፍሮ ይመጣል። ከተማን የማልማት ሥራ ለሚመሩ ኃላፊዎች ይህ ተሞክሮ ከሁለቱ ይበልጥ ሊያሳስባቸው ይገባል።

የዲላ ጎዳና

ዲላ ውስጥ የባህሉ ኢኮኖሚ የሚታየው በትልልቅ ሕንጻዎች ሳይሆን በትናንሽ ሥራዎች ነው። በየመንገዱ ዳር ረከቦት ዘርግተው የጀበና ቡና የሚያቀርቡ ሴቶች አሉ። ከየወረዳው ቆጮና ቡላ፣ ማር፣ ሙዝና አቮካዶ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ አሉ። የቀርከሃ ሥራ፣ የሸክላ ሥራና ሽመና የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉ። የባህል ኪነት ቡድን አባላት፣ ፎቶ አንሺዎች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎችና የአነስተኛ ምግብ ቤት ባለቤቶችም በበዓሉ ሰሞን ሥራ የሚበዛላቸው ናቸው።

እነዚህ ወገኖች ከበዓሉ የሚያገኙት ድርሻ የሚወሰነው አስተዳደሩ በሚሰጣቸው ጥቃቅን በሚመስሉ ውሳኔዎች ነው። ለበዓሉ የሚታደለው አልባሳት ከየት ይገዛል? ከአካባቢው ሸማኔ ወይስ ከሩቅ በጅምላ? ለእንግዶች የሚቀርበው ቡና ከይርጋጨፌ ማኅበራት ተገዝቶ በአካባቢው የተቆላ ነው? የመታሰቢያ ስጦታው የቀርከሃ ባለሙያው እጅ ያረፈበት ነው ወይስ በየትኛውም ከተማ የሚገኝ የፕላስቲክ ዕቃ? የመሸጫ ቦታ ሲደለደል የቀድሚያ ተራው የማን ነው? የግዥ ሕጎቻችን ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልዩ አስተያየት እንዲደረግ የሚፈቅዱ በመሆናቸው፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች ተገቢውን መልስ ለመስጠት አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የበዓሉ ኮሚቴ ግዥውን ከወራት በፊት ጀምሮ እንዲያቅድ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚፈጸም ግዥ ሁልጊዜ የሚያደላው ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ማቅረብ ለሚችለው ትልቅ ነጋዴ ነው። ሸማኔው በአንድ ሳምንት ውስጥ 500 ጋቢ ሊያደርስ አይችልም፤ 6 ወር ከተሰጠው ግን ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ያደርሳል።

በሀገሪቱ በርካታ ከተሞች እየተካሄደ ያለው የኮሪደር ልማትም ከዚሁ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ሥፍራ ለባህል ንግድ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። መንገዱ ሲሰፋ ግን የጀበና ቡና አቅራቢዋና የሸክላ ሻጯ ወዴት እንደሚሄዱ ዲዛይኑ ላይ አስቀድሞ ካልታየ፣ ጎዳናው ያምራል፤ ባህሉ ግን ወደ ጓሮ ይገፋል። የኖቲንግ ሂል ነገር በሌላ መልክ ይደገማል ማለት ነው።

የሽማግሌዎቹ ሥራ

ባህል የገቢ ምንጭ መሆኑ ብቻ ከተነገረ ግን ግማሹን ማለት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ ሥርዓት የሰላም ተቋምም ነው። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ከቀያቸው ተፈናቅለው ለከፍተኛ ችግር ተዳርገው እንደነበር አይዘነጋም። በዚያ ወቅት ትምህርት ቤቶችና የሕዝብ አዳራሾች መጠለያ ሆነው አገልግለዋል። የቡና ንግዱም የግብርናው ሥራም ተስተጓጉሏል።

ሁለቱ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ደም የፈሰሰበትን ጠብ የሚያነጹበት ጎንዶሮ የተባለ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። የሁለቱም ወገን አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ሰላም ለማውረድ ያደረጉት ጥረት የመንግሥትን ሥራ ያገዘ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት አባቶች በደራሮ ቀን በክብር ወንበር የሚቀመጡት እነዚያው አባቶች ናቸው። በዓመት አንድ ቀን በክብር ተጋብዘው በቀሪው ጊዜ የሶንጎው ቦታ ሲጠብባቸው፣ ምክራቸው ሳይጠየቅ ስለ መሬታቸው ሲወሰን ዝም የሚባል ከሆነ፣ ክብሩ የመድረክ ክብር ይሆናል። ግጭት በመጣ ጊዜ ብቻ «ሽማግሌዎች የት አሉ?» ማለት አይቻልም።

የወጣቱ ጉዳይም አብሮ ይነሳል። ትክል ድንጋዮቹን፣ የተከበሩ ደኖቹንና ሥርዓቱን የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ አባቶች ናቸው። የእምነት ለውጥ፣ ትምህርትና የከተማ ኑሮ ወጣቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ እየወሰዱት ነው። ማንም ዜጋ የመረጠውን እምነት የመከተል መብት አለው። ሆኖም ከአምልኮው ውጭ ያለው የመሬት አያያዝ፣ የዛፍ ጥበቃና የዳኝነት ዕውቀት የሁሉም ነው። ይህን ዕውቀት በጌዴኦ ቋንቋ መዝግቦ፣ ለትምህርት ቤት በሚሆን መልክ አዘጋጅቶ ማስተላለፍ ጊዜ የማይሰጠው ተግባር ነው። በኮሌጅነት ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የዲላ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ከፍተኛ ኃላፊነት ይጠብቀዋል።

ከባለድርሻ አካላት ምን ይጠበቃል?

የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ መግባት የክብር ሰርተፊኬት ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ኢትዮጵያ በ1977 እ.ኤ.አ ያጸደቀችው የ1972ቱ ስምምነት ግዴታም ይጥላል። ሀገሪቱ በየ6 ዓመቱ የቅርሶቿን ሁኔታ የሚያሳይ ሪፖርት ታቀርባለች። የቅርሱን እሴት ሊነካ የሚችል ትልቅ ግንባታ ሲታሰብ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ለኮሚቴው ማሳወቅ ይኖርባታል። ጥበቃው ከላላ ቅርሱ በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ሊመደብ ይችላል። መንገድ የሚያወጣ፣ የኢንቨስትመንት ቦታ የሚሰጥ ወይም የገጠር መሬት የሚያስተዳድር የወረዳ ባለሙያ በየቀኑ የሚፈርመው ደብዳቤ ከዚህ ግዴታ ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ አለበት።

ከዚህ በመነሳት በአጭር ጊዜ ሊከናወኑ የሚችሉ ሥራዎችን መጠቆም ይቻላል።

በመጀመሪያ ደረጃ የበዓሉ ሪፖርት ይዘት መለወጥ ይኖርበታል። ከእንግዶች ቁጥር ጎን ለጎን ከበጀቱ ምን ያህሉ ለአካባቢው አምራቾችና ባለሙያዎች እንደተከፈለ፣ ስንት ሴቶችና ወጣቶች የመሸጫ ቦታ እንዳገኙ፣ ከእነሱም ውስጥ ከ3 ወር በኋላ ስንቶቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ቢመዘገብ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ በመረጃ ላይ ይመሠረታል። ይህን ለማድረግ አንድ ባለሙያና አንድ መዝገብ ይበቃል።

በሁለተኛ ደረጃ ለባህል ዕቃና ለቡና ቋሚ የገበያ ሥፍራ በከተማዋ ማዕከል ሊመደብ ይገባል። እንግዳ ወደ ዲላ የሚመጣው በጥር ብቻ አይደለም። በሞያሌ መንገድ የሚያልፈው መንገደኛ፣ ለጥናት የሚመጣው ምሁር፣ ለስብሰባ የሚጓዘው የመንግሥት ሠራተኛ በማንኛውም ወር ቡና የሚጠጣበትና የእጅ ሥራ የሚገዛበት ቦታ ካገኘ ደራሮ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ይኖረዋል።

በሦስተኛ ደረጃ የበዓሉን እንግዳ ከዲላ አልፎ ወደ ወረዳዎቹ ማድረስ ያስፈልጋል። ትክል ድንጋዮቹም፣ ጥምር ማሳዎቹም፣ የተከበሩ ደኖቹም የሚገኙት ከከተማው ውጭ ነው። ለአካባቢው ወጣቶች የአስጎብኚነት ሥልጠና ቢሰጥ፣ የመግቢያ ክፍያው የተወሰነ ድርሻ ለሚጠብቀው ቀበሌ ቢመለስ፣ ድንጋዩንና ዛፉን የሚጠብቀው ሰው ለምን እንደሚጠብቅ በኪሱም ያውቀዋል። ይህ ሲደረግ ግን የተከበሩት ሥፍራዎች ለጉብኝት ክፍት የሚሆኑበትን ልክ የሚወስኑት የሥርዓቱ ባለቤቶች ራሳቸው መሆን አለባቸው።

በአራተኛ ደረጃ የባህልና ቱሪዝም፣ የግብርና፣ የንግድና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት ይጠበቅባቸዋል። እስከ አሁን ደራሮ የባህል ዘርፉ ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ጥላ ዛፍ የሚቆርጠውን ወይም የሚጠብቀውን አርሶ አደር የሚያገኘው ግን የግብርና ባለሙያው ነው። የጀበና ቡና አቅራቢዋን ፈቃድ የሚሰጣት ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ሶንጎው ያለበትን መሬት በካርታ የሚያስከብረው የመሬት አስተዳደር ነው። አንዱ የሚተክለውን ሌላው ሳያውቅ የሚነቅል ከሆነ በዓሉ ብቻውን ቅርሱን አያድነውም።

ጌዴኦዎች መሬታቸውን ለዘመናት ሳይቆራርሱ ያቆዩት ከፍሬው እየበሉ ለሚመጣው ትውልድ ዘሩን እየተዉ ነው። በየዓመቱ በጥር ወር ለማጌኖ የሚቀርበው ምስጋናም የሚቀርበው ስለዚሁ ነው። በየደረጃው ያለን የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ለበዓሉ የምንመድበውን ገንዘብና ጊዜ በዚሁ ልክ ብናየው፣ የድንኳኑ ካስማ ከተነቀለ በኋላም በዲላ ገበያ የሚሸጥ ጋቢ፣ በየቀበሌው የሚከበር ሶንጎ፣ በማሳው ዛፉን ጠብቆ የሚኖር ወጣት አርሶ አደር ይኖረናል። የሚቀጥለው ዓመት የበዓል ሪፖርት ሲዘጋጅ ከሁሉ በፊት ሊቆጠሩ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።